ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ጠብታ፤ ግላኮማ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ስለ ዓይን ሕመም ብትጠይቁ ሁለት በሽታዎችን የማያውቅ ሰው አታገኙም። አንደኛው ማዝ ነው። ሽፋሽፍቱን ወደ ውስጥ እያጠፈ ብሌኑን የሚያስወጋው፣ ሐኪሞች ትራኮማ የሚሉት ነው። የአገሩ ሰው እናቱ በወረንጦ የዓይኗን ፀጉር ስትነቅል እያየ ያደገ ነው። ሁለተኛው ሞራ ነው። ሞራ ሲገፈፍ ሰው ማየት እንደሚጀምር ስለሚታወቅ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ ሲመጡ ሰልፉ ረጅም ይሆናል። ሦስተኛውን ስትጠይቁ ግን ዝምታ ነው፤ የአገር ስም የለውምና። ሐኪሞች ግላኮማ ይሉታል፤ ለሕመምተኛው ሲያስረዱ ደግሞ «የዓይን ግፊት» ይሉታል። ይህ «ግፊት» የሚለው ቃል ራሱ መዘዝ አለው። የደም ግፊት ክኒን እየዋጥሁ ስለሆነ የዓይኑ ይቅርብኝ ብሎ ጠብታውን የተወ ሰው አውቃለሁ።

እኔ የሕግ ሰው እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁም። ይሁንና ለዘመድ ወረቀት ሳነብ፣ ቀጠሮ ስቆጥርና ፋርማሲ ለፋርማሲ ስዞር በቆየሁባቸው ዓመታት አንድ ነገር እየቆረቆረኝ መጥቷል። በዚህ በሽታ ዓይናቸው የሚጠፋው መድኃኒት ያላገኙ ሰዎች ብቻ አይደሉም። መድኃኒቱን ያገኙ፣ የገዙና ቤታቸው ያስቀመጡ ሰዎችም ይታወራሉ። ለምን? የዛሬው ጽሑፍ ይህን ለመመርመር ነው።

በቅድሚያ በሽታውን እንወቀው። ዓይናችን በውስጡ የሚመነጭና የሚፈስስ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለው። መፍሰሻው ሲጠብ ፈሳሹ ይጠራቀምና የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምራል። በብዙ ሰው ዘንድ ይህ ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ ዓይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘውን ነርቭ ቀስ እያለ ይገድለዋል። ግፊታቸው በዚህ ልክ ውስጥ ሆኖ ነርቫቸው የሚጎዳም አሉ። ክፋቱ በብዙዎቹ ላይ ሕመም የለውም። አይቆጠቁጥም፣ አያለቅስም፣ አይቀላም። የሚጠፋው መጀመሪያ የጎን እይታ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው እስከ መጨረሻው ስለሚቆይ ሰውየው የሚያይ ይመስለዋል። በሬውን ያያል፤ ከጎኑ ያለው ገደል ግን ይሰወርበታል። የጋይንትን ገደል የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። አንዴ የሞተ ነርቭ ደግሞ አይመለስም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው።

በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከኢትዮጵያውያን 1.6 በመቶ የሚሆኑት ዓይነ ስውር ሆነው ተገኝተዋል። ከምክንያቶቹ ውስጥ ግማሽ ያህሉን የያዘው ሞራ ነበር፤ ትራኮማ 11.5 በመቶ፣ ግላኮማ ደግሞ 5.2 በመቶ። አምስት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ሞራ ይገፈፋል፣ የቅርብና የርቀት እይታ ችግር በመነጽር ይስተካከላል፤ በግላኮማ የታወረ ግን በምንም አይመለስም። በዓለም ዙሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ40 እስከ 80 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 64 ሚሊዮን ያህሉ ግላኮማ እንዳለባቸውና በ2040 ቁጥሩ ከ110 ሚሊዮን እንደሚያልፍ ተገምቷል። ጥቁር ሕዝቦች ላይ በሽታው ይበረታል፤ ቶሎም ይጀምራል። በእኛ አገር ደግሞ እንደ ብናኝ ያለ ነገር በዓይን ውስጥ ተጠራቅሞ መፍሰሻውን የሚደፍንበት ዓይነት በብዛት ይታያል። ይህኛው ግፊቱን በጣም ከፍ ስለሚያደርግ ጊዜ አይሰጥም።

መድኃኒቱስ? ሊደረግ የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ ግፊቱን ዝቅ ማድረግ። በስዊድን የተደረገ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው ግፊቱ በ1 ሚሊ ሜትር በቀነሰ ቁጥር በሽታው የመባባስ ዕድሉ በ10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ለዚህ በአገራችን ከሁሉ በፊት የሚታዘዘው ጠብታ ነው። ቲሞሎል የተባለው እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የተፈቀደ ሲሆን በቀን ሁለት ጊዜ ይጨመራል፤ ረከስ ያለውም እሱ ነው። ላታኖፕሮስት እ.ኤ.አ. በ1996 መጣ፤ በቀን አንድ ጊዜ ማታ ይጨመራል፤ ግፊቱንም የበለጠ ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ከሁለቱም የቀደመው ፒሎካርፒን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ በቀን እስከ አራት ጊዜ መጨመሩና ግንባር ማሳመሙ ሰውን አሰልችቶት ኖሯል።

እዚህ ላይ ነው የሕግ ሰውነቴ የሚነሳብኝ። ሐኪሞች ድሮ ሕመምተኛው መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱን የሚገልጹበት ቃል «መታዘዝ» የሚል መንፈስ ነበረው። ሐኪም ያዝዛል፣ ሕመምተኛ ይፈጽማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ሪፖርት ግን ነገሩን ቀየረው፤ ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር በተስማማበት መሠረት መውሰዱ ነው ዋናው አለ። በዚሁ ሪፖርት በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በአማካይ 50 በመቶ ያህሉ ብቻ በትክክል እንደሚወስዱ ተጽፏል። እንግዲህ ትዕዛዝ ቀርቶ ስምምነት ከሆነ፣ የስምምነትን ሕግ እናንሳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1678 ውል የሚጸናው ተዋዋዮቹ ጉድለት የሌለው ፈቃድ ሲሰጡና የውሉ ጉዳይ በበቂ ሁኔታ ሲታወቅ ነው ይላል። ስሕተት ካለበት ፈቃዱ ጉድለት አለበት።

አሁን አንድ የስማዳ ገበሬ ከዓይን ሐኪም ፊት ተቀምጧል እንበል። ሐኪሙ ጠብታ ይጽፍለታል። ሐኪሙ በልቡ የያዘው «የቀረችህ እይታ እንዳትጠፋ» ነው። ገበሬው በልቡ የያዘው «የጠፋው እንዲመለስልኝ» ነው። ሁለቱም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተስማሙ ተባለ። በእኔ እምነት እዚህ ውል የለም። ገበሬው ወር ጨምሮ እይታው እንደነበረ ሲሆንበት መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ይተወዋል። ልክ ነው፤ እሱ ለገዛው ነገር አልሠራም። ጠብታው ቢሠራም የሚታይ ለውጥ የለውም፤ ባይሠራም የሚያም ነገር የለም። እንዲያውም ዓይን ያቀላል፣ ያቃጥላል። ሳያመው የነበረ ሰው መድኃኒት ሲጨምር ማመም ይጀምረዋል። ታዲያ ማን ነው በዚህ የሚቀጥል?

ለሰነፍ ሕመምተኛ ጥብቅና የቆምሁ እንዳይመስላችሁ፤ ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ ሐኪሞች ጠርሙሱ ውስጥ መቆጣጠሪያ ደብቀው ፒሎካርፒን የሚጨምሩ ሰዎችን ተከታተሉ። ሕመምተኞቹ ከታዘዘው 97 በመቶ ያህሉን ጨምረናል አሉ። መቆጣጠሪያው ያሳየው 76 በመቶ ነው። በ2009 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ መድኃኒቱን በነፃ ሰጠ፤ በመሣሪያ እንደሚመዘገብም ለሰዎቹ ነገራቸው። እንዲያም ሆኖ በአማካይ የጨመሩት ከሚገባው 71 በመቶ ያህሉን ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በተደረገ ጥናት በትክክል እንጨምራለን ያሉት ከሦስት ሰዎች አንዱ ያህል ናቸው፤ በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በተደረገውም ከግማሽ በታች ናቸው። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሆስፒታል ድረስ መጥተው የተጠየቁት ናቸው። ቀጠሮውንም የተዉት ከቆጠራው ውጪ ናቸው።

ከነዚህ ጥናቶች የወጣ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሰው ቀጠሮው ሲቃረብ ይጨምራል። የሐኪሙ መሣሪያ የሚለካው የዚያን ቀን ግፊት ነውና ጥሩ ሆኖ ይገኛል። ነርቩ ግን እየሞተ ነው። ሐኪሙ ግራ ይገባውና ሁለተኛ ጠብታ ይጨምራል። አንዱን መጨመር ያቃተው ሰው ሁለት ይሸከማል።

አሁን ወደ ቦታው እንመለስ። ላይ ጋይንት ዋና ከተማው ነፋስ መውጫ ነው፤ ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ጋሸናና ወልዲያ የሚሄደው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ በመሀሉ ያልፋል። ስሙ እንደሚናገረው ብርዳም ደጋ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ ታች ጋይንት አለ፤ አርብ ገበያን ይዞ ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚያቆለቁል። ስማዳ በወገዳ፣ እስቴ በመካነ ኢየሱስ ይጠራሉ፤ ሁለቱም ጀርባቸውን ለጉና ተራራ ሰጥተው እግራቸውን ወደ ዓባይ በረሃ ዘርግተዋል። ከስማዳ የወጣው ሰዴ ሙጃና ከእስቴ የወጣው አንዳቤትም ያው የዚያው ምድር ናቸው። ድርቅ የሚደጋግመው፣ በሴፍቲኔት የሚታወቅ አገር ነው። ሆስፒታል የለም አይባልም፤ በነፋስ መውጫም በመካነ ኢየሱስም አለ፤ ደብረ ታቦርም ትልቅ ሆስፒታል አላት። የነርቩን መጎዳት በመሣሪያ የሚመረምር፣ ቀዶ ሕክምናም የሚያደርግ የተሟላ የግላኮማ ክትትል ግን የሚታሰበው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም ባሕር ዳር ነው። ከነፋስ መውጫ ባሕር ዳር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቆላው ቀበሌ እስከ መኪና መንገዱ ያለው የእግር ጉዞ ደግሞ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን የሚቆጠር ነው።

እስቲ እናስላ። የዓይን ግፊት ያለበት ሰው በየሦስት ወሩ ተቀጠረ እንበል። ብቻውን መሄድ አይችልም፤ መሪ ያስፈልገዋል። የሁለት ሰው መሳፈሪያ፣ የሁለት ሰው ማደሪያ፣ የሁለት ሰው ምግብ። ቀጠሮው የወደቀው ሐምሌ ላይ ከሆነ መሪ የሚሆነው ልጅ ከሞፈር ጀርባ ነው፤ ኅዳር ላይ ከሆነ አጨዳ ላይ ነው። የጠብታው ዋጋ በሐኪም ቤት ሲወራ የጠርሙሱ ዋጋ ብቻ ነው የሚወራው። ለዚህ አገር ሰው ግን ጠርሙሱ ከወጪው ትንሹ ነው።

በዚህ ላይ ጦርነት አለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ይዘው በቆዩባቸው ቀናት የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፏል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ እየዘጋ ሰንብቷል። ለቁስለኛ ሁሉም ያዝናል፤ ልክም ነው። መንገድ ስለተዘጋ ጠብታው ያለቀበት ሽማግሌ ግን ድምፅ የለውም። አይደማም፣ አይጮህም። ሁለትና ሦስት ወር ያለ መድኃኒት በቆየ ቁጥር የሚያጣውን እይታ ማንም አይመዘግብለትም።

የማውቀውን አንድ ሰው ላንሳ። የአክስቴ ባል የእስቴ ገበሬ ናቸው። አንድ ዓይናቸው ሲጠፋ በምች ነው ብለው ትተውት ነበር፤ ሁለተኛው ሲደክም ነው ወደ ከተማ የመጡት። ጠብታ ታዘዘላቸው። ከስድስት ወር በኋላ ቤታቸው ሄጄ «አባቴ፣ ጠብታውን እየጨመሩ ነው?» አልኋቸው።

«እንዴታ! ዓይኔን በበላኝ ቁጥር እጨምራለሁ» አሉኝ።

ጠርሙሱን ሳየው ሩቡ እንኳ አልጎደለም። ስድስት ወር! ከከተማ የመጣ ነገር ነውና እየቆጠቡት ነበር። ካርቶኑ ላይ መድኃኒቱን የሸጠው ሰው የጻፈው በላቲን ፊደል ሦስት ሆሄ ብቻ ነው፤ በቀን ሁለት ጊዜ ማለት እንደሆነ ለባለሙያ ይገባል። የስድስተኛ ክፍል የልጅ ልጃቸው ሊያነብላቸው ሞክሮ አልሆነለትም። «ጠዋትና ማታ» ብሎ በአማርኛ ለመጻፍ ስንት ሰከንድ ይወስዳል?

ቆይቼ ሲጨምሩ አየኋቸው። ቁጭ ብለው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ በዚያ እርፍ ሲጨብጥ በኖረ እጅ ትንሿን ፕላስቲክ ጠርሙስ ይጨምቃሉ። የመጀመሪያው ግንባራቸው ላይ፣ ሁለተኛው ጉንጫቸው ላይ ወረደ፤ ሦስተኛውና አራተኛው አንድ ላይ ዓይናቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ የልጅ ልጃቸው ሥራ ሆነ። ልጁ ለትምህርት ከተማ ሲወርድ ጠብታውም አብሮት ሄደ ማለት ይቻላል፤ ምራታቸው የአማቿን ፊት ለመንካት ታፍር ስለነበር።

ስለ አጨማመሩ ከባለሙያ የሰማሁትን እዚህ ላይ ላስቀምጥ፤ ቆርጦ ለማስቀመጥ ለሚፈልግ ይጠቅማልና። እጅን መታጠብ፤ ጋደም ማለት ወይም ራስን ወደ ኋላ መጣል፤ የታችኛውን ቆብ በጣት ሳብ አድርጎ እንደ ኪስ መክፈት፤ የጠርሙሱን አፍ ዓይን ሳያስነኩ አንድ ጠብታ ብቻ መጣል። ዓይን ከአንድ ጠብታ በላይ አይዝም፤ የቀረው ጉንጭ ላይ የሚፈስስ ገንዘብ ነው። ከዚያ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ማዕዘን በጣት ለሁለት ወይም ለሦስት ደቂቃ ጫን ማለት። ሁለት ዓይነት ጠብታ ያለው ሰው በመሀከላቸው አምስት ደቂቃ ይጠብቅ፤ አለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ያወጣዋል።

ሒሳቡንም ልብ በሉ። አምስት ሚሊ ሊትር የምትይዝ የቲሞሎል ጠርሙስ እንደ አፏ ስፋት ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ያህል ጠብታ ትወጣታለች። ለሁለት ዓይን ጠዋትና ማታ ሲጨመር በወር 120 ጠብታ ነው። እንግዲህ አንድም ሳይባክን ለወር ብትበቃ ነው። እንደ አክስቴ ባል አራቱን ጠብታ ለአንድ ዓይን የሚያፈስስ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ያልቅበታል፤ ቀጠሮው ግን ገና ነው። ሕመምተኛው አቋረጠ ተብሎ ይመዘገባል። አላቋረጠም፤ አለቀበት እንጂ። በሌላ በኩል ጠርሙሷ ከተከፈተች ከአራት ሳምንት በኋላ እንድትጣል ይመከራል፤ ለዓመት ቆጥቦ መያዝም አይሆንም።

ላታኖፕሮስት የራሱ ጣጣ አለው። ሳይከፈት ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ ይገባዋል፤ ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ለስድስት ሳምንት ይቆያል። ለሩቅ አገር ሰው የሚሰጠው የተለመደ ምክር «የሦስት ወር ገዝተህ ሂድ» ነው። ነፋስ መውጫ ላይ ለሚኖር ሰው አገሩ ራሱ ማቀዝቀዣ ነው ብለን ልንቀልድ እንችል ይሆናል፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ለወረደው ግን ያልተከፈቱት ሁለት ጠርሙሶች የት ይቀመጡ? መብራት በሌለበት? ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በወረቀት ላይ ደካማ የሆነው ቲሞሎል በተግባር ይሻለው ይሆናል። አስም ያለበት ወይም የልብ ምቱ ዝቅ ያለ ሰው ግን ቲሞሎል እንዳይነካ፤ በዓይን የተጨመረ ነገር ሳንባና ልብ ድረስ ይደርሳል። ሐኪሙ ሳይጠይቅ ቢረሳ እንኳ ሕመምተኛው ራሱ ይናገር።

ስለ ጾም የሚጻፍ ነገር ብዙም አላየሁም፤ በእኛ አገር ግን ትልቅ ነገር ነው። ጠብታው በዓይን ገብቶ በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫ፣ ከዚያ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ መራራነቱ ምላስ ላይ ይሰማል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምሱ እናት ጉሮሯቸው ላይ መራራ ነገር ሲሰማቸው ጾሜን ፈታሁ ብለው ይጨነቃሉ። የጠዋቱን ይተዉታል፤ ለማንም አይናገሩም። ከላይ ያልሁት የዓይንን ማዕዘን መጫን መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ያግዛል፤ ለሳንባና ለልብም ይበጃል። በቀን አንድ ጊዜ ማታ የሚጨመረውም ከጾም ጋር አይጋጭም። የንስሐ አባት ደግሞ ቢጠየቁ ለሕመምተኛ የሚሉት አያጡም። ግን ሐኪሙ ስለ ጾም ካልጠየቀ፣ ሕመምተኛው ስለ መድኃኒት ለካህኑ ካልነገረ፣ ሁለቱ የሚያከብሯቸው ሰዎች ሳይገናኙ በመሀል ዓይን ይጠፋል። ጠበልም እንዲሁ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰው ጠብታውን ይተው የሚል ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ጎን ለጎን መያዝ ይቻላል።

ጤና መድህኑን እናንሳ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የዚሁ የደቡብ ጎንደሩ ፎገራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተስፋፍቷል፤ ለድሃ ቤተሰብም መንግሥት የሚከፍልበት አሠራር አለው። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን መድህኑ የሚሠራው መድኃኒቱ በመንግሥት መጋዘን ሲኖር ነው። «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል ደብተሩ ወረቀት ይሆናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ምን ያህል እንደተወደደ አንባቢ ያውቀዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለጤና የሚመድበው ሀብት በየጊዜው እየጨመረ እንዲሄድ ግዴታ ጥሎበታል። ይህን ድንጋጌ ይዤ ፍርድ ቤት እንድሄድ የሚመክረኝ የለም፤ እኔም አልሄድም። ይሁንና ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት አንድ ወር ኖሮ ሁለት ወር ሲጠፋ፣ ሕመምተኛውን «አላከበርህም» ለማለት ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ መጠየቅ እችላለሁ።

የአካባቢው ሰው መድኃኒት ይጠላል የሚሉኝ አሉ። አልቀበልም። ለትራኮማ የሚሰጠው ዚትሮማክስ እንዴት እንደሚታደል ተመልከቱ። በክልሉ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የወባና የትራኮማ ሳምንት እየተባለ ሲዘመት ሰው ከየቀበሌው ወጥቶ፣ ቁመቱ በተሰነጠረ ዱላ ተለክቶ፣ በዚያው ልክ ውጧል። በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ነፃ ነው፤ ሰፈር ድረስ ይመጣል፤ ጎረቤት ሁሉ አብሮ ይወስዳል። የግላኮማ ጠብታ በአራቱም የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰውየው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የመድኃኒቱ አመጣጥ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ሕመምተኛው የሚመርጠው ምንድን ነው ወደሚለው ይመጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 20 ማንኛውም ሰው የሐኪም ምርመራ ወይም ሕክምና አይደረግብኝ ለማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እምቢ የማለት መብት ያለው ሰው የመምረጥ መብት የለውም ማለት ያስቸግራል። ምርጫው ደግሞ አለ። አንዱ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ለፈሳሹ አዲስ መውጫ ይከፈትለታል። የጠፋ እይታ አይመልስም፤ የመመርቀዝና የመሳሰለው አደጋም አለው፤ ክትትልም ይፈልጋል። ሌላው ጨረር ነው። በእንግሊዝ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በጨረር ከጀመሩት ከአራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ከሦስት ዓመት በኋላም ያለ ጠብታ ግፊታቸው በልኩ እንደነበር አሳይቷል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የታንዛኒያው ነው። በኪሊማንጃሮ አካባቢ ቲሞሎልና ጨረር ተወዳድረው ውጤቱ በ2021 ሲወጣ፣ በዓመቱ መጨረሻ በጨረር ከታከሙት ዓይኖች 61 በመቶው፣ በቲሞሎል ከታከሙት 31 በመቶው ተሳክቶላቸው ተገኝተዋል። እጥፍ ማለት ነው። ደቂቃዎች የሚፈጅ ነገር ነው፤ ኃይሉ ከዓመታት በኋላ ሊደክም ይችላል፤ ግን ይደገማል።

ማሽኑ ውድ ነው፤ በወረዳ ሆስፒታል የሚገኝ አይደለም። ቢሆንም ሒሳቡን ከላይ አስልተናል። በዓመት አራት ጊዜ ሁለት ሰው ከስማዳ ባሕር ዳር ከሚመላለስ፣ ጠብታውም መንገድ ላይ ከሚቀር፣ አንድ ጊዜ ሄዶ በጨረር መታከምን የማይመርጥ ገበሬ ጥቂት ይመስለኛል። መርፌ የሚወድ ሕዝብ ነን፤ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር እንመርጣለን ብለው ሐኪሞች ሲያሙን ሰምቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ሐሜቱን ወደ መርሐ ግብር መቀየር ይቻላል። ለአንድ ዞን አንድ ማሽን፣ ለሞራ እንደሚደረገው በዓመት ሁለት ጊዜ ዘመቻ። ጨረሩ የማይመቸው የበሽታው ዓይነት አለ፤ ያንን ሐኪሙ ይለየዋል።

ሁለት ነገር ጨምሬ ላብቃ። አንደኛው፣ ዓይን ባሳከከ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዛው ዴክሳሜታዞንና የመሳሰለው ጠብታ ነው። ማሳከኩን ወዲያው ያስታግሳል፤ ለወራት ሲጨመር ግን ራሱ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ ያመጣል። ልጆችም ከዚህ አያመልጡም። የአክስቴ ባል ጠርሙስ አጠገብ አንድ እንዲህ ያለ ጠርሙስ አግኝቻለሁ፤ «ይሄኛው ይሻለኛል» ይሉት ነበር፤ የተሻለ ይሰማቸው ስለነበር።

ሁለተኛው የቤተሰብ ነገር ነው። ግላኮማ በዘር ይተላለፋል፤ የሕመምተኛው ወንድም፣ እህትና ልጅ ከሌላው ሰው የበለጠ ዕድል አላቸው። መሪ ሆኖ ከአባቱ ጋር ሆስፒታል የሚመጣው የአርባ ዓመት ልጅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ግፊቱን የሚለካለት የለም፤ እሱም አይጠይቅም። መለኪያው እዚያው ክፍል ውስጥ ነው፤ የሚፈጀውም ጥቂት ደቂቃ ነው። የአክስቴ ልጆች አራት ናቸው። ሦስቱን ደብረ ታቦር አስለክተናል፤ የሁለተኛው ከፍ ብሎ ተገኝቶ ማታ ማታ አንድ ጠብታ ይጨምራል። አራተኛው መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ ብሏል።